አባቴን የምታውቁ ሰዎች፦ የደምበጫው ጠበቃና ላሞቹ

የደምበጫዋ

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። ባለፈው ሰሞን ሣጥኑን ስንከፍት ከጽሕፈት መኪናው ሥር አሥራ አንድ ደብተሮች አገኘን። እያንዳንዱ ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። በግራ የችሎት ቀጠሮ፣ በቀኝ ወተት። አንዱን ገጽ እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦ በግራ «ማክሰኞ። የድንበር ክርክር፣ ምስክር ለመስማት።» በቀኝ «ሻሼ ጠዋት 5፣ ማታ 3 ሊትር ተኩል። ወርቄ ኮርማ ፈለገች።» ሌላ ምንም የለም። አባቴ ስለ ራሱ የተወልን ጽሑፍ ይኸው ነው። እኔ ግን ከመስመሩ ግራና ቀኝ የቆመውን ሰው አንድ ላይ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ደምበጫና አካባቢዋ የምታውቁት ካላችሁ የምታስታውሱትን ንገሩኝ። ክፉም ቢሆን።

የማውቀውን ላስቀድም። አባቴ ሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ልጅነቱን ያሳለፈው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1953 ሥራ ላይ ሲውል እሱ በአንድ የማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ የሚያገለግል፣ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ጎረምሳ ነበር። አዲሱን ሕግ እንደ ዳዊት ደገመው። ቁጥሩን ሲጠሩለት ቃሉን፣ ቃሉን ሲጠሩለት ቁጥሩን ይመልስ ነበር። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰምን ከወርቅ መለየት ስለሚያውቅ፣ የተከራካሪውን ቃል ሰምቶ ያልተባለውን ያወጣ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቹ ነግረውኛል። ውሎ አድሮ ፈቃድ አወጣና ጠበቃ ሆነ።

በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ የጠበቃ እንጀራ ርስት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የመሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ ሄደ። አባቴ የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ መዝገቦቹ በአንድ ሳምንት ባዶ ወረቀት ሆኑ። ይሁን እንጂ አዋጁን ሲረግም ሰምቼው አላውቅም። «ሃያ ዓመት የተካሰሱ ወንድማማቾች በሬዲዮ ታረቁ» ይል ነበር፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ እፎይታ አይ ነበር።

እናቴ ሁለት ጥገት ላሞች ነበሯት። የጓሮ ላሞች ናቸው፤ ለልጅ የሚሆን ወተትና ለወጥ የሚሆን ቅቤ ከሰጡ ይበቃቸው ነበር። ሥራ የፈታው ጠበቃ በረት ገባ። በረቱን በድንጋይ አነጠፈ፣ ለሽንቱ መውረጃ ቦይ አወጣ፣ ለሻይ ቤቶች በውል ወተት ማቅረብ ጀመረ። የመጀመሪያዋ የተዳቀለች ጊደር ወደ ቤታችን የገባችው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጥብቅናው በኋላ ተመልሶ መጣ፤ የውርስ፣ የብድር፣ የትዳር ጉዳይ መቼም አይጠፋም። ላሞቹ ግን ከዚያ ወዲያ ከቤታችን አልወጡም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣል። ግቱን ለብ ባለ ውኃ ያጥባል፣ ጥጃውን ጥቂት ያስጠባል፣ ከዚያ ያልባል። እናቴ በወይራ ያጠነችውን ዕቃ ታቀብለዋለች። 12 ሰዓት ላይ ወተቱ ከግቢ ይወጣል። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ በሎሚ ያሻል፤ ችሎት ፊት የበረት ሽታ ይዞ መቆም ዳኝነትን መድፈር ነው ብሎ ያምን ነበር። 2 ሰዓት ተኩል ሲል ካፖርቱን ለብሶ፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው።

አሁን የማምነውን ልናገር። አባቴን ሐቀኛ ጠበቃ ያደረገው ወተቱ ነው። ልጆቹን የሚያበላው በረቱ ስለነበር የሰው ጠብ እንዲረዝም አይፈልግም ነበር። ሰው በሌሊት ተነሥቶ በእግሩ መጥቶ «ክሰስልኝ» ሲለው በርጩማ ሰጥቶ፣ አሬራ አጠጥቶ፣ ሙሉውን አዳምጦ «ይህ የሽማግሌ ነገር ነው፤ ሂድና ታረቅ» ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል የሚመልሰው ብዙ ነበር። ይህን ማድረግ የሚችለው የዕለት እንጀራው ከተካሳሹ ኪስ የማይወጣ ሰው ብቻ ነው ብዬ አስባለሁ። ከተሳሳትሁ አርሙኝ።


ሽበት ከማንኩሳ

ልጄ፣ አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

አንቺ የደረስሽበት አይደለምና የርስቱን ነገር እኔ ላስረዳ። በእኛ አገር በዚያ ዘመን ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አቅኚ አባቱ ድረስ ወጥቶ፣ ረግጦት ከማያውቀው ቀበሌ «ድርሻዬን» ሊል ይችል ነበር። በአንድ እርሻ ላይ አሥር ቆጣሪ ይነሣል። ሰው በሬውን ሸጦ ይከራከራል፤ ሲሞት ክርክሩን ለልጁ ያወርሰዋል። ድሃ የሆነ ባለ ርስት ብዙ ነበር፤ ያደኸየው መሬት ማጣት ሳይሆን ለመሬቱ መሟገት ነው። ጠበቃ የሚፈራውም የሚከበረውም ለዚህ ነበር።

በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሊከፈል ነው ሲባል ጎጃም ተነሣ። ሰዉ የፈራው ብሩን አይደለም። «ሊለኩት ነው፤ ከለኩት ርስትነቱ ቀረ» ብሎ ነው። አባትሽን በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ገበያ መሐል ድንጋይ ላይ ቆመው አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣው ያነብቡ ነበር፤ ግብሩ የሚጠየቀው ከምርቱ ገቢ ላይ መሆኑን ለማስረዳት። አንዳንዱ የመንግሥት ሰው መሰሉትና ዱላ ተነሣ። እሳቸው አልሸሹም። ወረቀቱን ወደ ላይ ይዘው «በሕግ አምላክ!» አሉ። አንድ ጊዜ። ያ ሁሉ ሰው ቀጥ አለ። ዛሬ ለልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም፤ በዚያ ዘመን ግን በዚህ ቃል የተያዘ ሰው እግሩን አያነሣም ነበር።

የሆነው ሆኖ ሰው አልተቀበላቸውም። ጦር መጣ፣ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። አባትሽ ግን ከዚያ በኋላም ዱላ ላነሡባቸው ሰዎች ማመልከቻ ሲጽፉ አይቻለሁ።


ጀማሪ ጠበቃ

እጅግ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ሕግ ተምሬ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ እሠራለሁ። ያልሽው ነገር ልቤን ነክቶታል፤ የቤት ኪራይ ቀን ሲቃረብ «ታረቁ» የሚለው ቃል ከአፌ ለመውጣት እንደሚከብደው አውቀዋለሁና። ስለዚህ የምጠይቀው ከልቤ ነው። ስንት ላም ነበራቸው? መኖ ከየት ይመጣ ነበር? ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን እንዴት ያደርሱት ነበር? ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ልግዛ ወይስ አልግዛ?


የደምበጫዋ

አባባ ከማንኩሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ታሪክ ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እናቴን ጠየቅኋት፤ «ያን ዕለት ኮፍያውን ጥሎ መጣ» ብቻ አለችኝ።

ለወንድሜ ለጀማሪው ጠበቃ፦ በደብተሩ ላይ ትልቁ ቁጥር ሰባት ታላቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አራት ወይም አምስት ነበሩ። የሀገሬዋ ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር፣ የተዳቀሉት ስምንትና ዘጠኝ፤ አንዲት ጊዜ ብቻ አሥራ ሁለት ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

መኖው የጥብቅናው ሌላ ገጽ ነበር። ብር የሌለው ደንበኛ የጤፍ ጭድ ይጭንለታል። አንዱ የጥብቅና ውል ላይ «ዋጋው ስድስት ሸክም ጭድ፣ ግማሹ ክስ ሲገባ፣ ግማሹ ፍርድ ሲሰጥ» ተብሎ በካርቦን ተጽፏል። ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ገዝቶ ይከምራል። የኑግ ፋጉሎ ከዘይት ጨማቂዎች፣ አተላ ከጠላ ሻጮች ይመጣል። ጠላ ሻጮቹ ብድራቸውን በነፃ ስለሚጽፍላቸው አተላውን ለሌላ አይሰጡም ነበር። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ በችሎት ካላመነ ወይም ካልማለ፣ በምስክር አይረጋገጥም። ገበሬው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ካጣ በኋላ ነው። አባቴ ለዚህ ሲል በገበያ ቀን ወረቀትና ቀለም ይዞ ዋርካ ሥር ይቀመጥ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። ላሟ አትጾምም፤ ገዢው ግን ይጾማል። በሁዳዴ ሻይ ቤቶቹ ወተት አይቀበሉም፤ ስለዚህ እየተናጠ ቅቤ ይሆናል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይፈልጋል፤ እናቴ ቅቤውን ለፋሲካ ታቆየዋለች።

በኋላ ግን አባቴ ዘዴ አገኘ። ላሞቹን በሐምሌ መጀመሪያ ያስጠቃቸዋል። ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ አካባቢ ይወልዳሉ። ከመውለዳቸው ሁለት ወር አስቀድሞ ማለብ ስለሚያቆም፣ ላሞቹ የሚነጥፉት ልክ ሁዳዴ ሲገባ ነው። ሐምሌ ደግሞ ችሎት ለክረምት የሚዘጋበት ዋዜማ ስለሆነ ኮርማ የፈለገችውን ላም ለመጠበቅ ጊዜ ነበረው። ይህን ያየሁት አሁን ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ፣ የፍርድ ቤቱና የላሟ ቀን አቆጣጠር በአንድ ሰው እጅ እንዲህ ገጥመው ሳይ እንባዬ መጣ።


የከብት ሐኪም

በእንስሳት ጤና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወጣት ሳለሁ አንዳሳም ነበርሁ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው አንዳሳ የፎገራን ዝርያ በማራባትና በማዳቀል የታወቀ ነው፤ ወደ ጎጃም ገበሬ በረት ከገቡት የተዳቀሉ ጊደሮች መካከል ከዚያ የወጡ አሉ።

የአባትሽ የሁዳዴ ስሌት ድንቅ ነው። ማለብ የሚቆምባቸው ሁለት ወራት ለግቱም ዕረፍት፣ ለጽንሱም ማደጊያ ናቸው፤ ብዙ አርቢ የመጨረሻዋን ሊትር ሲያሳድድ የሚቀጥለውን ዓመት ወተት ያጣል። ይሁን እንጂ ጀማሪው ጠበቃ ይህን አንብቦ በቀጥታ እንዳይገለብጠው እሰጋለሁ። ሚያዝያ ሣር የሌለበት ወር ነው። ላም ከፍተኛ መኖ የምትፈልገው ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ ያ ጊዜ ከድርቁ ጋር ሲገጥም አጥንቷ ይወጣል፣ ቶሎ ኮርማ አትፈልግም፣ የዓመቱ ስሌት ይፋለሳል። አባትሽ የቻሉት ያ ሁሉ ጭድና ድርቆሽ ስለነበራቸው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ላም ከመግዛትህ በፊት የድርቆሽ መከመሪያ ሥራ። ባዶ መከመሪያ ላይ የመጣች የተዳቀለች ላም ከሀገሬዋ ያነሰ ወተት ስትሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ የምታዳቅል ከሆነ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ያየሃትን ላም ማታ፣ ማታ ያየሃትን በማግሥቱ ጠዋት ማድረስ አለብህ። ይህ ሰዓት ካለፈ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለህ። ላሟ ቅዳሜና እሑድን አታውቅም፤ ቀጠሮህንም አታውቅም። በረቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። እኔ የምጠረጥረው በዚያ ቤት ያ ዓይን እናትሽ እንደነበሩ ነው። ስለ እሳቸውም ጻፊ።


ቡሬ ያደግሁ

ይህን ውይይት ለእናቴ አነበብሁላት። «ጠበቃው ናቸው» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እናቴ ተድራ ቡሬ መጣች እንጂ ትውልዷ ከደምበጫ ገጠር ነው። አያቴ ሲያርፉ ቤታቸውና ስድስት ከብቶቻቸው በአጎቴ እጅ ቀሩ። እናቴ ድርሻዋን ስትጠይቅ «አንቺ ተድረሽ ሄደሻል» ተባለች። ዝም ብላ ኖረች። በኋላ ሰው ነግሯት ወደ አባትሽ ሄደች።

የጠየቋት የመጀመሪያ ነገር «አባትሽ የሞቱት መቼ ነው? ወንድምሽ ንብረቱን መያዙን ያወቅሽው መቼ ነው?» የሚል ነበር። በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ሆነ። የወራሽነት ክስ እንዲህ ያለውን ነገር ካወቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ እኩል ወራሾች መሆናቸውን እናቴ የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ ቀኑ ሊያልቅባት ሁለት ወር ሲቀረው። «ታረቂ» አላሏትም። «ክሱ ነገ ይገባል፤ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ይላካል። ዕርቅ ቀን አይቆጠርበትም፣ ክስ ግን ይቆጠርበታል» አሏት። ስለዚህ የደምበጫዋ እህቴ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ሽማግሌ አይመልሱም ነበር፤ መቼ እንደሚመልሱ ያውቁ ነበር።

አጎቴ ከከብቶቹ ሁሉ ምርጧን ላም «የእኔ ናት፤ አባቴ በኅዳር ከሞተ በኋላ በታኅሣሥ ከገበያ ገዛኋት» አለ። አንድ ምስክርም አቆመ። እናቴ ጥያቄውን እስከ ዛሬ በቃሏ ትደግመዋለች።

«ከገበያ ስትመጣ ክብድ ነበረች?»

«አይደለችም። ባዶዋን ነው የመጣች።»

«ታዲያ ማን አጠቃት?»

«የቤቱ ኮርማ። እዚያው ታኅሣሥ ላይ።»

«መቼ ወለደች?»

«ግንቦት።»

«ጥጃው ቀኑን ጨርሶ ነው የተወለደው ወይስ ጨንግፋ?»

«ደኅና ጥጃ ነው፤ ዛሬ ወይፈን ሆኗል።»

«እርስዎ ቤት ላም በስንት ወሯ ትወልዳለች?»

ምስክሩ አፉን ከፈተና ዘጋው። ችሎቱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ገበሬ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ስንት ወር እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። አባትሽ ወደ ዳኛው ዞረው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ክቡር ዳኛ» ብለው ተቀመጡ።

እናቴ ሁለት ላምና አንድ ጊደር ነድታ ቡሬ ገባች። እኔ የተማርሁት በእነሱ ቅቤ ነው። ከአጎቴ ጋርም በሦስተኛው ዓመት በጥምቀት ታረቁ።


ጥያቄ አለኝ

ለሟቹ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ሁላችንም እያመሰገንን አንድ ነገር እየዘለልን ይመስለኛል። በአነስተኛ ከተማ ውስጥ ብዙ ወተት ያለው ጠበቃ አለ። በዚያው ከተማ ልጆች ያሉት ዳኛ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አለ። ወተቱ ወደ ማን ቤት ይሄድ ነበር? ምስክር የሆነ ሰው በነጋታው አሬራ ሊጠጣ ቢመጣስ? «ወተቱ ሐቀኛ አደረገው» የሚለው አባባል ተገልብጦም ሊነበብ ይችላል።


የደምበጫዋ

ጥያቄው ተገቢ ነው። በቤታችንም ጠብ ያነሣ ነበር።

አባቴ ለዳኛ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወተት አይሸጥም ነበር። በነፃ መስጠት ቀርቶ በሙሉ ዋጋም አይሸጥም። እናቴ በዚህ ተቃጥላለች፤ ደመወዝተኛ ማለት በወሩ መጨረሻ የሚከፍል ደንበኛ ነውና። እሱ ግን «ዋጋውን ማን ያየዋል? የሚታየው ዕቃው ከእኛ ደጅ ሲወጣ ነው» ይላት ነበር። ከሻይ ቤት ገዝተው ቢጠጡ አይከለክልም።

አንድ ጊዜ ብቻ ፈረሰ። የአንድ ዳኛ ባለቤት ወልዳ ጡቷ አልያዘላትም፤ እናቴ አባቴን ሳታማክር በሌሊት ወተት ላከች። ከዚያም በኋላ ለሁለት ሳምንት ላከች። አባቴ ሲያውቅ በማግሥቱ ጠዋት በዚያ ዳኛ ፊት ወደሚከራከረው የሌላው ወገን ጠበቃ ቤት ሄደ። የሆነውን ነገረው፤ «ዳኛው ይቀየርልኝ ካልህ እኔ አልቃወምም» አለው። ሰውዬው «ሕፃኑ ይጥገብ እንጂ ምን ነካህ!» ብሎ ቡና አስፈላለት። አባቴ ግን መዝገቡን ለሌላ ጠበቃ አስተላልፎ ከጉዳዩ ወጣ፤ የተቀበለውንም መለሰ። እናቴ አልተጸጸተችም፤ ዛሬም አትጸጸትም። ሁለቱም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ምስክርን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር አላውቅም። አሬራ ለመጣ ሁሉ ይቀዳ ነበር።


ከአማኑኤል ገጠር

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። «ክፉም ቢሆን» ስላልሽ ነው።

አባትሽ የአባቴን ጉዳይ አበላሽተዋል። 1978 ነው። አባቴ ሁለት በሬ በዱቤ ሸጦ ገዢው ክዶት ነበር። ችሎቱ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከደምበጫ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ካመለጠ ቀኑ አለቀ። አባቴ ውቂያ ላይ ስለነበር «ጠበቃው አሉልኝ» ብሎ አልሄደም። ጠበቃው አልተገኙም። ተከሳሹ ግን ተገኘ። ከሳሽ ሳይቀርብ ተከሳሽ ከቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ያንኑ ክስ እንደገና መክሰስ አይቻልም። ያለው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ መዝገቡ እንዲከፈት መጠየቅ ነው።

ምክንያቱ ላም ነበረች። ሌሊቱን ምጥ ጠንቶባት፣ ጥጃው በእግሩ መጥቶ፣ እሳቸው እስኪያወጡት ነጋ። ሰዎች «የሐኪም ወረቀት አውጣ፤ ታምሜ ነበር በል» ብለዋቸዋል። ይህን አባቴም ሰምቷል፤ እሱም ራሱ ለምኗቸዋል። እምቢ አሉ። ማመልከቻው ላይ እንዳለ ጻፉት፦ ላሜ ምጥ ይዟት ቀረሁ። ችሎቱ በቂ ምክንያት አይደለም አለ። የሁለት በሬ ዋጋ ቀለጠ።

አባቴ ያን ዓመት በአንድ በሬ፣ ከሰው ጋር ተጣምሮ አረሰ። በእኛ ቤት ያን ክረምት የነበረውን አልጽፍም። ስለዚህ «ወተቱ ሐቀኛ አደረገው» ስትዪ ልቤ ተቆጣ። ላሟ ባትኖር ኖሮ አውቶቡሱ ላይ ይሳፈሩ ነበር።

ቀሪውን ካልጻፍሁ ግን እኔም አልታመንም። መጀመሪያ የጥብቅናውን ገንዘብ ሙሉውን መለሱ። አባቴ ተቀብሎ ፊቱን አዞረባቸው። ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ እያለ፣ ከደምበጫ አንዲት የተዳቀለች ጊደር በገመድ እየሳቡ በእግራቸው ደጃችን መጡ። ያን ሌሊት የተወለደችው ናት። አባቴ «ምንድን ነው ይህ?» ሲላቸው «ከብት ያጠፋውን ባለቤቱ ይከፍላል፤ አለዚያ ከብቱን ያስረክባል። ሕጉ ነው» አሉት። ገመዱን በአጥሩ ላይ አሰሩና ውኃ እንኳን ሳይጠጡ ተመለሱ።

አባቴ ሁለት ቀን አልነካትም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ስም አወጣችላት። ካሳዬ አለቻት። በአገሩ የመጀመሪያዋ የተዳቀለች ላም ነበረች፤ እስከ አማኑኤል ድረስ ወተት የሸጥነው በእሷ ነው። አባቴ ሲሞት አባትሽ ለቅሶ መጥተው ነበር። ከሬሳው ራስጌ አልተነሡም።


ጀማሪ ጠበቃ

ከአማኑኤል ለጻፉልን ወንድሜ፣ አባትህ የሰሙት ድንጋጌ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2074 ነው። ከፊቱ ያለው 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ 2074 ደግሞ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በማስረከብ ከኃላፊነቱ ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። በጥብቅ ከተነበበ ለዚህ ጉዳይ አይሠራም። ላሟ ማንንም አልወጋችም፣ የማንንም እርሻ አልበላችም። በዚያ ላይ የባለቤቱ ጥፋት ካለበት ማስረከብ ብቻውን ነፃ አያወጣም። እሳቸው ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር። ታዲያ ለምን ጠቀሱት? ከትናንት ጀምሮ ከዚህ ጥያቄ መላቀቅ አልቻልሁም።


የደምበጫዋ

ወንድሜ ከአማኑኤል፣ ስለ ጻፍህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከላይ የጻፍሁትን አልሰርዘውም፤ የአንተ ግን ከሥሩ እንዲነበብ ነው የምፈልገው። ለአባትህም ለእናትህም ይቅርታ።

የ1978ን ደብተር አውጥቼ ቀኑን ፈለግሁት። በግራ በኩል «ደብረ ማርቆስ። የሁለት በሬ ዋጋ። አልተገኘሁም።» ይላል። በቀኝ «ወርቄ ወለደች። ሴት።» የወተቱ ቦታ ባዶ ነው። ከሁለቱ በታች፣ ቀዩን መስመር አቋርጦ፣ ከዳር እስከ ዳር በትልቁ «2074» ተጽፏል። በአሥራ አንዱ ደብተር ውስጥ ያን መስመር የተሻገረ ጽሕፈት ይህ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ የመዝገብ ቁጥር ይመስለኝ ነበር።

ወርቄን አስታውሳታለሁ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባት። የካሳዬ ዘር ዛሬም በረታችሁ ውስጥ ካለ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እንመጣለን። እናቴ ደክማለች፤ ሆኖም ማለብ አልረሳችም። የማታው ማለቢያ ሰዓታችሁ ስንት እንደሆነ ንገረኝ፤ ከዚያ በፊት እንድንደርስ።